የማሞቂያው ቧንቧ ነቢይ

በተውሶ ጆሮ የሚተነብይ ነቢይ፣ ባለጆሮዋ ቤቷን ቆልፋ የወጣች ዕለት ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል። ሰው ከሌሎች ቀድሞ የሰማውን፣ ከሌሎች አብልጦ እንዳወቀ አድርጎ ቢያቀርብ ለጊዜው ይከበራል፤ ይሁን እንጂ ያ ክብር የቆመው በጎረቤት ድምፅ ላይ ነውና፣ ድምፁ በተለወጠ ቀን ባለክብሩም አብሮ ይወድቃል። የዚህን እውነትነት የሚጠራጠር ቢኖር፣ በክራኝ ከተማ፣ በወይዘሮ አልቢና ሳሎን፣ በአንድ የመጋቢት እሑድ የሆነውን ይመልከት።

በዚያ እሑድ ቀትር ላይ በፎቁ ደረጃ የሚወጣ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ከወይዘሮ አልቢና በር ጀርባ አንድ ግራ የሚያጋባ ሙግት በሰማ ነበር። ሁለት ጎልማሶች በቤቱ ውስጥ ካሉት መቀመጫዎች ሁሉ በከፋው ላይ ይሟገታሉ፤ የሚሟገቱትም እንዳይደርሳቸው ሳይሆን እንዲደርሳቸው ነበር። የቤቱ ልጅ ሜቶድ፣ "ዛሬ እንኳ እኔ ልቀመጥባት፤ አንተ ሶፋው ላይ ጋደም በል" ይላል። የቤቱ አማች ቮይኮ ደግሞ፣ "የለም፣ እኔ ለምጃታለሁ" ብሎ ይመልሳል። መቀመጫ የተባለችው መደገፊያ የሌላት የእንጨት ዱካ ናት። ቦታዋ በብፌውና ከታችኛው ቤት ወለሉን በስቶ በሚወጣው የማሞቂያ ቧንቧ መካከል በመሆኑ፣ የተቀመጠባት ሰው ግራ ጎኑ ይጠበሳል፤ ጉልበቱም ከብፌው ጋር ይላተማል። ቮይኮ እንደ ነገሩ ወፍራም ሰው ነው። ይሁንና ክረምቱን ሙሉ፣ የስኪ በረራ ውድድር፣ ማለትም ሰው ረጃጅም የበረዶ መንሸራተቻ በእግሩ አስሮ ከማማ ተወርውሮ የሚበርበት ጨዋታ፣ በቴሌቪዥን በተላለፈ ቁጥር፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ከእርሷ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ወይዘሮ አልቢናም ይህን አይተው፣ ሴት ልጃቸው ናዳ ጨዋ ሰው እንዳገባች፣ አማቻቸው ምቹውን ለሌላው ትቶ ክፉውን ለራሱ እንደሚወስድ፣ በገበያም በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሲያወሩ ከረሙ።

የጨዋነቱ ምስጢር ያለው ከቧንቧው ዘንድ ነበር። ቧንቧው ወለሉን በሚያልፍበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከሥር የሚኖሩት ወይዘሮ ጺልካ ጆሯቸው ስለደከመ ቴሌቪዥናቸውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ነው የሚያዩት፤ ሥርጭቱንም የሚያገኙት ሟች ባለቤታቸው ጣሪያ ላይ በተከሉት አሮጌ አንቴና ነው። የወይዘሮ አልቢና ቴሌቪዥን ግን ናዳ ባስገባችላቸው ኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ ምስሉ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ቢሆንም፣ ከአንቴናው ጥቂት እስትንፋስ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ በላይኛው ቤት በራሪው ገና አየር ላይ ተንሳፍፎ ሳለ፣ በታችኛው ቤት አርፎ፣ ተለክቶ፣ ርቀቱም ታውጆ አልቋል። በቧንቧው በኩል የበራሪው ስም ታፍኖ ይመጣል፤ ቁጥሩን ግን አስተዋዋቂው ረገጥ እያደረገ ስለሚናገረው ጥርት ብሎ ይሰማል። ቮይኮ ይህን ያወቀው በዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር ዕለት፣ የወደቀ ሹካ ለማንሣት ጎንበስ ባለበት ቅጽበት ነው። ሹካውን አነሣ፤ ኅሊናውን ግን እዚያው ወለሉ ላይ ትቶት ቀና አለ።

የቤቱን ጨዋታ ያወጡት የወይዘሮ አልቢና ሟች ባለቤት አቶ ላድኮ ናቸው። አቶ ላድኮ በፕላኒትሳ ሸለቆ ለብዙ ዘመን ርቀት ለኪ ነበሩ። ርቀት ለኪዎች በማረፊያው ቁልቁለት ዳር ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የበራሪው እግር በረዶውን የነካው በፊታቸው የሆነ እንደሆነ እጃቸውን ያነሣሉ። ዛሬ ይህን ሥራ ካሜራ ወስዶታል፤ ሆኖም ጉም ወርዶ ካሜራውን የጋረደው እንደሆነ ተብሎ ጥቂት ሰዎች ዛሬም አይቀሩም፤ ቦታቸውም ከአባት ወደ ቤተሰብ ይወርዳል። በቤት ውስጥ ደግሞ ሕጉ ይህ ነበር፤ በራሪው አየር ላይ ሳለ፣ እግሩ በረዶ ሳይነካ፣ እያንዳንዱ ግምቱን ይናገራል፤ ይበልጥ ለቀረበው በሳህኑ አንድ ዋልነት፣ ያ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ ፍሬ፣ ይጨመርለታል። ዘንድሮ የአቶ ላድኮ ቦታ ባዶ ነው። የለኪዎቹ ማኅበር ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንዲላክለት ጠይቋል፤ ወይዘሮ አልቢናም ዛሬ የኖርዌዩ ውድድር ሲያልቅ ሳህኑ ከሁሉ የሞላው ሰው፣ በመጪው እሑድ፣ በወቅቱ መዝጊያ በረራ ላይ በአባትየው እግር እንደሚተካ ቃላቸውን ሰጥተዋል።

ሜቶድ ያንን ቦታ የተመኘው በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ቁልቁለቱን ካየበት ዕድሜ ጀምሮ ነው። ሳህኑ ግን ሥሩ ይታያል። ይባስ ብሎ፣ የጀርመኑ ውድድር ሲተላለፍ ጉም የቴሌቪዥኑን መስኮት ሁሉ በዋጠበት ሰዓት፣ ሌላው የመጣለትን ሲገምት እርሱ፣ "አላየሁም" ብሎ ዝም በማለቱ የቤቱ መሳቂያ ሆኗል። ቮይኮ በዚያው ጉም ውስጥ ሦስት በራሪ በተከታታይ ሳይስት ተናግሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ በፎቁ ሁሉ ነቢዩ ነው።

ፍርድ ላለማጓደል የቮይኮንም ወገን መናገር ይገባል። የተወለደው በባሕሩ ዳርቻ፣ በኢዞላ፣ በዓሣ አጥማጆች መካከል ነው። አቶ ላድኮ በሕይወት ሳሉ፣ "የባሕር ልጅ በረዶ የሚያውቀው ማቀዝቀዣ ሲከፍት ነው" እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ ሜቶድም ቀልዱን ወርሶታል። ቮይኮ በበኩሉ የተራራ ሰዎችን ቋጣሪነት ሳያነሣ ማዕድ ላይ አይቀመጥም። ነገር ግን ቀልድ ሲደጋገም ከሥሩ እሾህ ያበቅላል። በዚያ ቁልቁለት ዳር፣ በዚያ ቤተሰብ ስም፣ አንድ ቀን ብቻ ቆሞ እጁን ቢያነሣ፣ ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣ የሚያነሣበት እንደማይኖር ያምን ነበር። የልቡ መሻት ክፉ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ክፉ ነበር።

ሾርባው ሊቀርብ ሲል በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ጺልካ ነበሩ፤ የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አንድ ጠርሙስ የቤት ወይን ታቅፈው። ወይዘሮ አልቢና ለማንም ሳይናገሩ ጋብዘዋቸው ኖሯል፤ በክረምቱ በዓል ጉንፋን ይዟቸው ብቻቸውን ስለከረሙ አዝነውላቸው ነበር። ቮይኮ ዱካው ላይ እንዳለ ፊቱ እንደ በረዶው ነጣ። ባለጆሮዋ ቤቷን ትታ ከመጣች ቧንቧው ከብረትነት በቀር ምን ቀረው? ወዲያው ተነሥቶ ወንበር እየሳበላቸው፣ ለጤናቸው ያሰበ መስሎ ሊመልሳቸው ሞከረ።

"እትዬ ጺልካ፣ ውድድሩን ከቤትዎ ቢያዩት አይሻልም? የለመዱት ወንበር ለወገብ ይመቻል።"

"ምን አልክ?"

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

"ተወኝ ልጄ፤ እኔና ያ ወንበር ተሰለቻችተናል" አሉ ወይዘሮ ጺልካ፣ ማንኪያቸውን እያነሡ።

ምድጃ ክፍት ትተው እንዳይሆን ጠየቃቸው። ምድጃውን አጥፍተው፣ ጋዙንም ዘግተው መምጣታቸውን ነገሩት፤ ክፍት የተዉት ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው፤ እርሱም ለካናሪ ወፋቸው ሲሉ፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ላባዋን ትነጫለችና። ቮይኮን ከሾርባው ሙቀት ይልቅ ይህ ዜና አንጀቱን አራሰው። ተመልሶ ዱካው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ጊዜም ሾርባ አስጨመረ።

ምሳው እንደ ወትሮው ነበር። ቀጭን ፓስታ የገባበት የበሬ ሥጋ ሾርባ፣ በሽንኩርት የተጠበሰ ድንች፣ ሰላጣ። ወይዘሮ አልቢና የሾርባው አጥንት ኪሎ ስምንት ዩሮ መግባቱን ተናገሩ፤ ወይዘሮ ጺልካም በእርሳቸው ጊዜ ሥጋ ሻጩ አጥንቱን ለውሻ ብሎ በነጻ ይሰጥ እንደነበር አስታወሱ። ሜቶድ፣ በዚህ ቤት ውሻ ያልተገዛው እንዲያው በከንቱ አጥንቱን እንዳይበላ ተብሎ ነው ሲል፣ ቮይኮ ሳቀና እውነቱን ከአንደበቱ ነጥቆ እንደወሰደበት ነገረው። ናዳ ባሏን ስታየው ቆይታ፣ ግራ ጉንጩ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ቀኙ ደህና መሆኑን፣ ዘንድሮ ማታ ማታ የተጠበሰውን ጎኑን ወደ እርሷ እያዞረች ስትሞቅበት መክረሟን ተናገረች።  የሜቶድ፣ የናዳና የቮይኮ ሦስቱ ሳህኖች በብፌው ላይ ተደርድረዋል። የቮይኮው ሞልቶ ተቆልሏል። ሜቶድ ያንን ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ ወይኑን ጠጣ።

ውድድሩ ተጀመረ። የመጀመሪያው በራሪ ገና ጺም ያላወጣ ልጅ ነበር። አየር ላይ እንደወጣ ቧንቧው፣ "መቶ ሰማንያ ስድስት" አለ። ቮይኮ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ባሕታዊ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ "መቶ ሰማንያ ስድስት" አለ። ልጁ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ላይ አረፈ። ዋልነቱ ተጨመረለት፤ ወይዘሮ ጺልካም አድንቀው ጉልበቱን መታ መታ አደረጉለት።

ሁለተኛው ስሙ የታወቀ ነበር። ቧንቧው መቶ ሰባ ስምንት አለ፤ ቮይኮም አለ። በራሪው ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ሜትር ሄደ። ሦስተኛው ላይ ቧንቧው መቶ ዘጠና አንድ አለ፤ በራሪው ሁለት መቶ አርባን አለፈ። የሚገርመው፣ ቮይኮ በዓይኑ ያየው ነበር። በራሪው በስኪዎቹ መካከል ግንባሩን አስግጎ፣ ገና ከፍ ብሎ፣ ወደ ቁልቁለቱ ግርጌ ሲንሳፈፍ አይቷል፤ ክረምቱን ሙሉ ሲያይ ከርሞ ዓይኑ ሳያስበው ተምሮ ነበርና፣ ዓይኑ "ሁለት መቶ ሠላሳ" ይለው ነበር። እርሱ ግን ዓይኑን ትቶ ጆሮውን አመነ። ይህ የውሸታም ሁሉ ዕጣ ነው፤ በስተመጨረሻ የሚያታልለው ራሱን ነው። ሳህኑ አስቀድሞ ስለሞላ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ያሸንፍ ነበር። ግን አንዴ ነቢይ የተባለ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም።

"ነቢዩ ዛሬ ጾም ይዟል መሰለኝ" አለ ሜቶድ።

"የኖርዌይ ንፋስ ነው" አለ ቮይኮ። "እያታለለ ነው።"

"ንፋሱ አንተን ብቻ ለይቶ?" አለች ናዳ።

ወይዘሮ ጺልካ እንኳ በጨዋታው ገብተው ሁለት ዋልነት አገኙ። ቮይኮ ጆሮውን ወደ ቧንቧው እያስጠጋ፣ እያስጠጋ፣ መሐረቡ እስኪጨመቅ ድረስ ላበው። ቁጥሮቹ ያለ ጊዜያቸው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱ ተከታትለው፣ አንዳንዴ በመካከል የመለከት ጓድ ሲነፋ ቆይቶ። አንቴናው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና።

የመጨረሻው በራሪ የአገር ልጅ ነበር። ከማማው ጫፍ፣ ከአግዳሚው ላይ ተቀምጦ መነጽሩን ሲያስተካክል ቤቱ ሁሉ እስትንፋሱን ያዘ። በዚህ መካከል ከቧንቧው ሥር ሕዝብ ሲያጓራ፣ መለከት ሲነፋ፣ አስተዋዋቂው ድምፁ እስኪሰነጠቅ "ሁለት መቶ ሦስት" እያለ ሲጮህ ተሰማ። ቮይኮ ይህን ያህል ጩኸት ክረምቱን ሙሉ ሰምቶ አያውቅም። ብድግ ሲል ጉልበቱ ብፌውን መታ፤ ሳህኖቹ ተንቀጫቀጩ።

"ሁለት መቶ ሦስት" አለ። "ሁለት መቶ ሦስት ይሄዳል፤ ሕዝቡ ሁሉ ይነሣለታል፤ ምስክር ሁኑኝ።"

ቴሌቪዥኑ ላይ ቀዩ መብራት በራ። ንፋሱ ከልክ በላይ ስለሆነ በራሪው ከአግዳሚው እንዲወርድ ታዘዘ። ልጁ በጥንቃቄ ወደ ጎን ተንሸራትቶ ወረደና ጃኬቱን ደረበ።

 በዘመዶች መካከል የሚወርድ ዝምታ ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ሌላው እስኪናገረው ይጠብቃል። በመጨረሻ ናዳ ቀስ ብላ፣ "ታዲያ ማን ነው የበረረው?" ስትል ጠየቀች።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ቧንቧው ብቻውን ይናገር ጀመር። አሁን ሁሉም ሰማው። አንድ አሮጌ የመለከት ጓድ ዜማ ጨረሰ፤ ከዚያም ወይዘሮ አልቢና እንደ ልጆቻቸው ድምፅ የሚያውቁት ድሮ የቀረ አስተዋዋቂ፣ በቅዝቃዜው የቆሙትን ርቀት ለኪዎች አመሰገነ። ወይዘሮ አልቢና የያዙትን ሹካ አስቀመጡ። ወደ ጎረቤታቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው ጠየቁ።

"ጺልካ፣ ለወፏ ምን ከፍተሽላት መጣሽ?"

"ያንን የፕላኒትሳ በረራ የተቀረጸበትን አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ነዋ" አሉ ወይዘሮ ጺልካ። "ላድኮ ቆቡን አጥልቆ የሚታይበትን። እርሷ መለከቱን ትወድዳለች፤ የዛሬዎቹ ጥሩ አይነፉም።"

ወይዘሮ አልቢና ሪሞቱን አንሥተው የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፉ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፈው ወደ አማቻቸው ዞሩ።

"ቮይኮ ልጄ፣ የሚቀጥለው ስንት ይሄዳል?"

ቮይኮ ላቡን ጠረገ። መልሱን የሰጠው ቧንቧው ነበር፤ "መቶ ሰባ አራት" አለ፣ ረገጥ አድርጎ። ሜቶድ ሳቁን ለማፈን ናፕኪኑን አፉ ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረውም። ናዳ ግን አልሳቀችም፤ ባሏን ያየችው ዕቃ የጠፋባት ሰው ባዶ መሳቢያ እንደሚያይ ነው።

"እኔ..." አለ ቮይኮ። ቀይ ጉንጩም ነጭ ጉንጩም አንድ ሆነው ነበር። "አንድ ቀን እዚያ ልቁም ብዬ ነው። ማቀዝቀዣ የሚለኝ ሰው እንዳይኖር።"

ወይዘሮ አልቢና ተቆጥተው አልመለሱለትም። ቢቆጡ ይቀልለት ነበር።

"ላድኮን ያን ሁሉ ዘመን ያስቆሙት ዓይኑ ከሌሎቹ ስለሚበልጥ አልነበረም" አሉ። "ጉም በወረደ ቁጥር እጁን ኪሱ ይከትና 'አላየሁም' ይል ነበር። ሌሎቹ እጅ ያነሡ ነበር፤ አንዳንዱ ለአገሩ ልጅ፣ አንዳንዱ ለኩራቱ። እርሱ ያላየውን አያነሣም። በዚህ ቤት በዚያ ጉም ውስጥ 'አላየሁም' ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔም ከእናንተ ጋር ሆኜ ስቄበታለሁ።"

ይህን ብለው የቮይኮን ሳህን ከብፌው አወረዱና ዋልነቱን በጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ሜቶድ አንገቱን ደፋ። እናቱም የአባቱ ቆብ በቁም ሣጥኑ የላይኛው መደርደሪያ ላይ መሆኑን፣ ብል እንዳልነካው ቢያየው ጥሩ እንደሆነ ብቻ ነገሩት። በዚህ ሁሉ መካከል ንፋሱ ተረጋግቶ፣ የአገሩ ልጅ ወደ አግዳሚው ተመልሶ፣ ድምፅ በሌለው ቴሌቪዥን ላይ ብቻውን በረረ። ከወይዘሮ ጺልካ በቀር ያየው አልነበረም።

"እዩት፣ እዩት፤ ይሄ ልጅ የት ሊደርስ ነው?" አሉ እርሳቸው፣ ለማንም ሳይሆን ለወይናቸው።

ፍርዱ በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈጸመ። ቮይኮ ዋልነቱን አንድ በአንድ ሰበረ፤ የሰበረውም ሁሉ ለመዝጊያው እሑድ ለርቀት ለኪዎቹ በሚላከው ጥቅል ኬክ ውስጥ ገባ። የቧንቧውን ክፍተት በጭቃ ምርጊት ደፈነ፤ ወይዘሮ አልቢና በጣታቸው ዳብሰው አረጋገጡ። ዱካዋ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ከዚያም ወይዘሮ አልቢና በፕላኒትሳ የማረፊያውን በረዶ በእግራቸው ወደሚደለድሉት ወደ በረዶ ረጋጮቹ አለቃ ስልክ ደውለው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ክብደቱም ለሥራው የተመቸ አንድ ሰው እንዳላቸው አስታወቁ።

በመጪው እሑድ ሜቶድ የአባቱን ቆብ አጥልቆ በማረፊያው ቁልቁለት ዳር ቆመ። ቮይኮ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ከሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ጋር ስኪ ታጥቆ፣ ያንን ቁልቁለት ጎን ለጎን እየወጣ በእግሩ ሲደለድል አረፈደ። የባሕሩ ልጅ በረዶን በቁርጭምጭሚቱ፣ በጉልበቱ፣ ሁለት ጊዜም በፊቱ አወቀው። በረራው ሲጀመር ረጋጮቹ ከእንጨት ጎጆው ጀርባ እንዲቆዩ ስለሚታዘዙ፣ ከሕዝቡ ጀርባና ከሰንደቅ ዓላማዎቹ ጫፍ በቀር ያየው ነገር አልነበረም። ማታ በፎቁ ደረጃ ላይ እያነከሰ ሲወጣ ወይዘሮ ጺልካ በራቸውን ከፍተው አስቆሙት፤ አንቴናቸው በንፋስ ወድቆ ውድድሩ አምልጧቸው ነበርና፣ አሸናፊው ስንት ሜትር እንደበረረ ጠየቁት።

ቮይኮ የደረጃውን ብረት ተደግፎ የሚያነክሰውን እግሩን አሳረፈ።

"አላየሁም" አለ።